ሁሉን የሚያኝክ ቡችላ በቤታችሁ ካለ

ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ በሚነበብበት በዚህ ገጽ ዛሬ ስለ ውሻ ልጽፍላችሁ ነው። ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ። ከመንገድ ላይ ቡችላ ያነሳችሁ፣ ለማንሳት ያሰባችሁ፣ ወይም በጎረቤት ቡችላ ጫማችሁ የተበላባችሁ ካላችሁ ጉዳዩ ይመለከታችኋል። ደግሞም ነገሩ ዞሮ ዞሮ ትዳር ውስጥ መግባቱ አልቀረም፤ ቆየት ብላችሁ ታዩታላችሁ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው። ባለቤቴ መምህር ነው። አገሩን ለማታውቁት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ነፋሱ የማያርፍበት፣ የገብስና የበግ ደጋ ነው። ውሻ እዚህ አገር ብርቅ አይደለም። በየግቢው አለ፤ በጎቹን ከጅብና ከቀበሮ ይጠብቃል፤ መንገደኛ ሲያልፍ ይጮኻል። ቦታው ግን ደጅ ነው። ውሻ ቤት ውስጥ የሚያሳድር ሰው ሲታይ፣ «ምን ነካው?» ይባላል።

እኛም ውሻ እናሳድግ ብለን አልተመካከርንም። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ባለቤቴ ከመናኸሪያ ሲመለስ ጋቢው ውስጥ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። አውቶቡስ ሥር ተጠልሎ ሲንቀጠቀጥ ያገኘው ቡናማ ቡችላ ነበር። እናት የለው፣ ባለቤት የለው። «ለዛሬ ማታ ብቻ ነው» አለኝ። እናንተ ባለትዳር እህቶቼ፣ ይህችን «ለዛሬ ብቻ» የምትባል ቃል ታውቋት የለም እንዴ! በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደው። ሐኪሙም አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየና ሦስት ወር ገደማ ይሆነዋል አለው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ያኘከውን ልቁጠርላችሁ? የባለቤቴን የእሑድ ጫማ ከነተረከዙ፣ የሰፌዱን ጠርዝ፣ የወንበሩን እግር፣ የተማሪዎች የፈተና ወረቀት፣ ማድ ቤት የተከመረውን ኩበት (አዎ፣ ኩበት!)፣ ባለ ዚፕ የሆነውን የመጽሐፍ ቅዱሴን የቆዳ ልባስ። ባለቤቴ ስሙን «መቀስ» አለው። የመጽሐፍ ቅዱሱን ልባስ ያየች አንዲት እህት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይኼ ነገር ጤነኛ አይመስለኝም፤ ጸልዩበት» ብላን ሄደች። ለእርሷ ክብር ስል በወቅቱ ዝም አልኩ። እዚህ ላይ ግን ልናገር። ያ ልባስ የበግ ሌጦ ነው። ከዓመት እስከ ዓመት በእጄ ላብ የራሰ፣ ቅቤ የተቀባ ጸጉሬን የነካ እጅ የዳበሰው ሌጦ ነው። ለቡችላ ከዚህ የሚጣፍጥ ነገር ከየት ይመጣል? መንፈስ ፍለጋ ከመሄድ በፊት ማሽተት ይበቃ ነበር።

ቡችላ ለምን እንደሚያኝክ ባወቅሁ ጊዜ ንዴቴ በግማሽ ቀነሰ። ሰው 20 የወተት ጥርስ አውጥቶ በኋላ 32 ቋሚ ጥርስ እንደሚተካ ሁሉ፣ ውሻም መጀመሪያ እንደ መርፌ የሾሉ 28 የወተት ጥርሶች ያወጣል። እነዚህ በአራት ወር ገደማ መውለቅ ይጀምሩና ስድስትና ሰባት ወር ሲሞላው 42 ቋሚ ጥርሶች ይተኩባቸዋል። በዚህ መካከል ድዱ ያብጣል፣ ያሳክከዋል፣ ያመዋል። ጠንካራ ነገር ሲነክስ ይቀልለዋል። ጥርሱ ወጥቶ ካበቃ በኋላም ቢሆን ወጣት ውሻ ዓመት ከመንፈቅ፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማኘኩን አይተውም። እጅ የለውማ! ሕፃን ልጅ ያገኘውን ሁሉ አንስቶ፣ አገላብጦ እንደሚያይ እርሱ ዓለምን የሚመረምረው በአፉ ነው። ሥራ ሲፈታና ብቻውን ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።

በዚህ ላይ የመንዝን ቤት አስቡት። ዓይናችሁን ብታዞሩ ያልበገ ነገር የለም። የምንለብሰው ባና ከበግ ጸጉር የተፈተለ ነው፤ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ዝተትም እንዲሁ፤ የአዛውንቱ በርኖስም እንዲሁ። የምንቀመጥበት አጎዛ ነው፤ አልጋው የተጠፈረው በጠፍር ነው። እኛ የቤት ዕቃ የምንለውን ሁሉ መቀስ የሚያውቀው ምግብ ብሎ ነው። ይህን ብላ፣ ያንን አትብላ ብሎ በአንድ ሽታ ሁለት ሕግ ማውጣት ለሰውም የሚከብድ ይመስለኛል። ስለዚህ አሮጌ ጫማ ወርውሮለት «ይኼ ያንተ ነው» ማለት አያዋጣም፤ አሮጌውን ከአዲሱ የሚለይበት ዓይን የለውም። አለንጋም አያዋጣም። ከሰዓታት በፊት ላጠፋው ጥፋት ብትመቱት የሚማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው። እጅ ከፍንጅ ስትይዙት ግን ጠንከር ባለ ድምፅ «ተው!» ብላችሁ፣ የያዘውን ቀምታችሁ፣ ወዲያው የራሱን ማኘኪያ ስጡት። ያንን ሲይዝ አመስግኑት። አንድ ሺህ ጊዜ ትደግሙታላችሁ። እኔ መቁጠር ያቆምኩት ከመቶ በፊት ነው።

የራሱ ማኘኪያ ምን ይሁን? ከተማ ያሉ ሰዎች ከሱቅ ይገዙ ይሆናል። እኛ ዘንድ ሁለት ነገር ሠራ። አንደኛው ውርጭ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የመንዝ ሌሊት ውኃ ያግራል። ንጹሕ ጨርቅ አርጥቤ፣ ቋጥሬ ማታ ደጅ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት እንደ ድንጋይ ደርቆ ይገኛል። መቀስ እርሱን ይዞ ጥግ ላይ ሲተኛ ያበጠው ድዱ ሲበርድለት ከፊቱ ይነበባል። ሁለተኛውን ያመጡልን አማቴ ናቸው፤ እርሱን ከመንገሬ በፊት ግን ስለ ባናው ልንገራችሁ።

አማቴ ለሠርጋችን የሰጡን ባና ነበረን። ከራሳቸው በጎች ጸጉር በእጃቸው ፈትለው ያሠሩት ነው። አንድ ቀን ከጸሎት ስብሰባ ስንመለስ መቀስ ባናውን ከአልጋ ጎትቶ አንዱን ጥግ ክንድ የሚያህል ቦጭቆታል። እኔ «ከዛሬ ጀምሮ ደጅ ይታሰር» አልኩ። ባለቤቴ «በዚህ ውርጭ ይሞታል» አለ። ሁለታችንም እውነት ነበረን፤ እንዲህ ያለው ጠብ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። ሦስት ቀን ከ«ራት ቀርቧል» እና ከ«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም።

እዚህ ላይ የምትጠረጥሩትን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ጉባኤያችንም ጠርጥሮታል። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ ልጅ የለንም። «ልጅ ቢያጡ ውሻ አቀፉ» ተብሏል፤ ጆሯችን ደርሷል። ቡችላ ልጅ አይደለም። እኛም በልጅ ቦታ አላስቀመጥነውም። ልጅ እየለመናችሁ ለምትጠብቁ ባለትዳሮች የምላችሁ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ ምላሽ የመስጠት ዕዳ የለባችሁም። ሆኖም በሦስተኛው ቀን ማታ የሆነውን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ የተበተነውን የባና ብጥስጣሽ እየለቀመ ሳለ፣ ቀና ሳይል፣ «የሚያበላሽብኝ ናፍቆኝ ነበር እኮ» አለኝ።

ስለዚህ ነገር መነጋገር ካቆምን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ያን ሌሊት እስኪነጋ አወራን። ከሐኪም ስለሰማነው፣ እርሱ በዝምታ ስለተሸከመው፣ እኔ የጎረቤት ሕፃን ክርስትና ወይም ልደት በሆነ ቁጥር ስለምፈራው፣ ስለ ሁሉም። ሁሉንም አልጽፈውም። ለመቀስ ደግሞ ማድ ቤት፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ፍሙ የሚያሞቀው ቦታ ላይ አሮጌ የእንጨት ሣጥን በጎኑ አስተኝተን ገለባ አነጠፍንለት። እኛ ስንወጣ እዚያ ይዘጋበታል። ከደረቱ በላይ ያልተሰቀለ ጫማና ቆዳ በቤታችን አይገኝም። ቡችላውን ከመቀየር ቤቱን መቀየር ቀለለን።

ከዚያም አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ባናውን መደበቅ አልፈለግንምና አሳየናቸው። ዳሰሱት፣ ቡችላውን አዩት፣ ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ተመለከቱ። «እማማ፣ ይቅርታ» ብል፣ «ተይው ልጄ፤ ጥርስ እያወጣ ነው። የእኔ ልጅም የመሶቤን ክዳን በልቶታል» ብለው ወደ ባለቤቴ ዞሩ። ባለቤቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ! በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ከጓሳ ሣር የተገመደ፣ ሦስት ቦታ የተቋጠረ ወፍራም ገመድ ይዘው ነበር። ጓሳ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ለዝናብ ጌሳ የሚሠራበት ጠንካራ ሣር ነው። መቀስ ያንን ገመድ ይዞ ከባለቤቴ ጋር ሲጓተት መዋል ሥራው ሆነ። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፤ ገመዱ ሲተረተር ጭረቱን እንዳይውጥ ወዲያው መለወጥ አለበት።

እስካሁን የነገርኳችሁ የዕቃ ጉዳይ ነው። ዕቃ ይተካል። የሚያስፈራው ወደ ውሻው አፍ የሚገባውና ከአፉ የሚወጣው ነው።

በጥር ወር አንድ ቀን የግቢው በር ክፍት ሆኖ መቀስ ወጣ፤ የጎረቤታችንን የአዛውንቱን ጠቦት ጆሮ ነክሶ አደማ። መንዝ ውስጥ በግ የቀመሰ ውሻ ዕድሜ የለውም። አዛውንቱ ዱላቸውን ይዘው መጡ፤ ባለቤቴ ጠቦቱን ልንከፍል፣ ካስፈለገም ልናሳክም ዝግጁ መሆናችንን ነገራቸው። እርሳቸው ግን ቡችላውን ትክ ብለው አዩና፣ «ይኼ ለመብላት አልነከሰም፤ ለመጫወት ነው። እናቱ ታስተምረው ነበር፤ እናት የለውማ» አሉ። ለጥቂት ቀናት እርሳቸው ባሉበት፣ በገመድ ታስሮ በረታቸው ደጃፍ እንዲውል አደረጉ። አንዲት ጠቦቶች ያሏት እናት በግ ሁለት ጊዜ በግንባሯ ገጭታ አንከባለለችው። ከዚያ ወዲህ በግ ሲያይ መንገድ ይለቃል። ከእኛ ሺህ «ተው» የእርሷ ሁለት ግጭት በለጠ።

የጠቦቱ ጆሮ በሳምንት ዳነ። እዚያው በረት ውስጥ ግን አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዝማ ባለችበት የምትዞር በግ አየሁ። አዛውንቱ «ዕጣዋ ነው» አሉኝ። ዕጣዋ አይደለም፤ ያመጣባት ውሻ ነው፣ ያውም ሳይነክሳት! ነገሩ እንዲህ ነው። በበዓል በግ ሲታረድ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። የበጉ አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ የትል እንቁላሪት ካለ፣ ውሻው ሆድ ውስጥ ገብቶ የኮሶ ትል ይሆናል። ከዚያ ውሻው በሜዳው ላይ በዓይነ ምድሩ እንቁላሉን ይዘራል፤ ሌላ በግ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ ትሉ አንጎሏ ላይ ይወጣና ትዞራለች። አብዛኛውን ጊዜ አትድንም። የሳንባና የጉበቱ ደግሞ ለእኛም ይተርፋል። በበግ ሳንባና ጉበት ላይ የምናየው ውኃ የቋጠረ እብጠት ጥሬውን ለውሻ ከተሰጠ፣ ከውሻው የሚወጣው እንቁላል በእጅ፣ በውኃ ወይም በአትክልት ወደ ሰው ሆድ ገብቶ ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት እየቀስ የሚያድግ እብጠት ያስከትላል። በበዓል ቀን «ውሻውም ይቅመስ» ስንል የምንሰጠው ይህን ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። እብጠት ያለበትን ሳንባና ጉበት፣ የታረደውንም በግ ጭንቅላት ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ የትል መድኃኒት ስጡት። ውሻ ከነኩ በኋላ ልጆች እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። አጥንት በተመለከተም፣ የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ ወጥ አጥንት አትስጡ። ሲበስል ይሰባበርና እንደ ስንጥር ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የወጡ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ለውሻ ደም ጠንቅ ነው። ፌስታልና የባትሪ ድንጋይ ከሚደርስበት አርቁ።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ጥርስ የሚያወጣ ቡችላ እጅ ይነክሳል፤ ጨዋታ ነው፣ ግን ያደማል። የበሽታው ቫይረስ በምራቅ ይተላለፋል። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ሰውን ከሚይዙት 100 አጋጣሚዎች ውስጥ 99ኙ የሚመጡት ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን መከላከያ አለ። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1885 (እ.ኤ.አ.) ያበደ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ካተረፈ ወዲህ አለ። ማንኛውም የማታውቁት ወይም ያልተከተበ ውሻ ቢነክሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። እኛ የምንጸልይ ሰዎች ነን። የተነከሰ ወንድም ሲመጣ እጅ ጭነን እንጸልያለን፤ እየጸለይንም ወደ ክትባቱ እንወስደዋለን። «አምኛለሁ፣ አልከተብም» ያለን ሰው አትቀበሉት፤ ጎትታችሁ ውሰዱት።

መቀስ ክትባቱን ያገኘው እኛ ዘንድ በገባ በወሩ ነው። ሐኪሙ ለምን እንደሚቸኩል ሲነግረን አንድ የማላውቀውን ጨመረልኝ። ከከተማችን ብዙም የማይርቀው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። አባቶች ሣሩን በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል፤ ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢቀርም ዛሬ ማኅበረሰቡ ራሱ ይጠብቀዋል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በሙሉ ቢቆጠር ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም። የሚኖረው አይጥ እየበላ ነው። ያልተከተበ የእኛ ውሻ ግን በምራቁ ሊጨርሰው ይችላል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በባሌ፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ከሚታወቁት ቀይ ቀበሮዎች መካከል ከሦስት እጅ ሁለቱን በላይ የገደለው ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ ነው። አንድ መርፌ የእኛን ልጆች፣ የአዛውንቱን በጎችና የእግዚአብሔርን ቀበሮ ይጠብቃል ማለት ነው።

አሁን መቀስ ዓመት አልፎታል። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ቁመቱ ጉልበቴን አልፏል። ማታ ማታ ደጅ ይውላል፣ ጅብ ሲሸተው የሚጮኸው ድምፅ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ክረምት ሲገባና ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲሆን አሁንም ያኝካል፤ ባለፈው ሳምንት የጃንጥላ እጄታ በልቷል። ባናውን አማቴ ጠግነውታል። የሚመሳሰል ክር አጥተው የጠቆሩትን በግ ጸጉር ስለፈተሉ ጥጉ ጥቁር ነው፤ እንግዳ ሲያየው አዲስ ፋሽን ይመስለዋል። አዛውንቱ ጎረቤታችን በፋሲካ የታረደውን በግ ጭንቅላት ለመቅበር አካፋ ሊዋሱን መጥተው፣ «ውሾቼን መቼ ነው የምናስከትባቸው?» ብለው ጠየቁን። ሐኪሙ ዘንድ አብረን የምንሄድበትን ቀን ለመስከረም ቀጥረናል።